የግሥ ርባታ

እንግሊዝኛ ወደ እኔ የመጣው በትእዛዝ አንቀጽ ነው፣
ሰላምታ ሳይቀድመው፣ ስሜን ሳያስከትለው።
መጀመሪያ «ብሪንግ» አለኝ፣ ቀጥሎ «ክሊን» አለኝ፣
«ኩዊክ» የሚሉት ደግሞ በየበሩ ቆሞ ጠበቀኝ።
ሳልሚያ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ባሕሩ በመስኮት፣
ሦስት ወር ሙሉ የማውቀው ግሥ ብቻ፣ ባለቤት የሌለበት።

ጋሽ ደምረው ትዝ አሉኝ፣ የወረኢሉ መምህሬ፣
«ዓረፍተ ነገር ባለቤት ይሻል» ሲሉ፣ እኔን እንቅልፍ ሲጥለኝ ከወንበሬ።
አሁን ገባኝ፤ እዚህ ቤት ባለቤቷ ማዳም ነች፣
ግሡንም ቁጭ ብላ ታረባዋለች፤
ተሳቢዋ ደግሞ እኔ፣
በደላላ ገመድ ታስሬ፣ ተስቤ ከወገኔ።

ትምህርት ቤቴ መታጠቢያ ክፍሉ፣ ፊደሌ የሻምፑ ጠርሙስ፣
በሁለት ቋንቋ ተጽፎ፣ አንዱ ሲጠፋኝ በሌላው የምመለስ።
«ለተጎዳ ፀጉር» ይላል። «ተጎዳ» የሚለውን እዚያ ያዝሁ፣
እስካሁንም ቃሉን ስሰማ የኮኮናት ሽታ እሸታለሁ።
የሊፍቷ ሴትዮ «ጎይንግ ዳውን» ትላለች፣
እደግምላታለሁ፤ ስሳሳት አትስቅም፣ ስደክም ትጠብቀኛለች።
የግብፁ ዘበኛ ግን «ፕ» ስለማይሆንለት፣
መኪናው ሁሉ «ባርኪንግ» ነው የሚገባው፣ ስንት ጊዜ ሰማሁት፤
እኔ ጴጥሮስ ጳውሎስ ስል ያደግሁ፣ ፖስታ ቤት ጎረቤቴ፣
አንድ ወር «ባርኪንግ» አልሁ፣ የሌለውን ተበድሬ፣ ያለኝን ትቼ ከቤቴ።

ዋናው መምህሬ ግን ፈዋዝ ነው፣ ስድስት ዓመቱ፣
ሁለት ጥርሱ ወልቆ፣ «ስ» የምታፏጭ ከአንደበቱ።
ማዳም ስልኳ ላይ ስትሆን የቤት ሥራው የእኛ ነው፣
እሱ ጮኾ የሚያነበው፣ እኔ ካልሲ እያጠፍሁ የምከተለው።
«ኖ፣ ሳራ» ይለኛል፤ ሳራ ያሉኝ እነሱ ናቸው፣
ትርንጎ ለምላሳቸው ከብዷቸው፤
«የስተርደይ ከሆነ ጎ አይባልም፣ ዌንት ነው»፣ ጣቱን መስመሩ ላይ ሰክቶ፣
እንደ ሽማግሌ ኮስትሮ፣ አፍንጫው ላይ እርጎ ቀርቶ።

ዌንት! ከጎ ጋር ምን ያዛምደዋል?
በእኛ ሄደ፣ ይሄዳል፣ ሂጂ፤ ሥሩ ሁሌም ይታወቃል።
በእነሱ ግን የሄደ ሰው ስሙ ተለውጦ ይቀራል።
ሳራ ሆኜ ሳስበው፣ ይኼም ሕግ ነው ያሰኛል።

ያለፈውን ጋሽ ደምረው «ኃላፊ ጊዜ» ይሉት ነበር።
ኃላፊ አለቃም ነው፣ ኃላፊ የሚያልፍም ነው፤ ሰሙን ይዤ ወርቁን ሳልቆፍር
ስንት ዓመት ኖርሁ፣ ሞኟ።

የሚመጣውን ደግሞ «ትንቢት» ነው የሚሉት፤
ማንም እንዳይሰማኝ ቧንቧ ከፍቼ ተለማመድሁት፦
አይ ዊል ስሊፕ። አይ ዊል ኮል። አይ ዊል ኢት ሲቲንግ ዳውን።
ነቢይ መሆን አያሻም፤ «ዊል» ካሉ ይበቃል፣ ምላስ ከለመደ ቃሉን።

ሐሙስ ማታ፣ ሁለት ዓመቴ በሞላ በነጋታው፣
«ብሪንግ ቲ» አለች ማዳም። አመጣሁት። ትሪውን ግን ሳላስቀምጠው፣
«ማይ ኮንትራክት ኢዝ ፊኒሽድ» አልሁ። «አይ ዊል ጎ ሆም ኢን ማርች።»
ድምፄ የሊፍቷን ሴትዮ መሰለኝ፣ ታጋሽ፣ ቀጥ ያለች።
ማዳም ስልኳን ደፋች።

ፈዋዝ እርሳሱን ይዞ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ፤
«ኖ፣ ሳራ» ሊል አፉን ከፈተ፣
ቃሎቼን በጣቱ ቆጠረ፣ የቱ ይሆን የሳተ፤
ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ።
ስህተት ፈለገባቸው፣
ፈለገ፣
አጣ።